ቃሉን ያላስተማሯት ሴት

ልድያ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ የወንድሟ የኦሞት ድምፅ በችፑዱ ግድግዳ አልፎ መጣ። ስልክ እያወራ ነበር፤ የዛሬውን በዓል ፕሮግራም የሚያሰናዳው እሱ ነው። «ሴቶቹ ይቅሩ አልኩህ እኮ» አለ። «ምን ያደርጉልናል? ኮምፒውተሩ ራሱ ይዘምራል። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ሰው ነው የሚመስለው። እህቴ ናት የሠራችው።» ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ትንሽ ካዳመጠ በኋላ ሳቀ። «ውሃ አይል፣ ለስላሳ አይል፣ የባጃጅ አይል። በሰዓቱ ይጀምራል፣ በሰዓቱ ያበቃል።»

ልድያ የአጎበሩን ጫፍ እንደያዘች ቀረች። ያሰማችው እሷው ናት። ማታ ከራት በኋላ «ስማ እስኪ፣ ይሄን ስማ» ብላ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠችለት እሷ ናት። መዝሙር በኖታ መጻፍ ከጀመረች ጀምሮ የምትጠቀምበት ፕሮግራም አሮጌ እትም ነበር። ኖታዎቹ እርስ በርስ ይነባበራሉ፤ አንዱን ስታስተካክል ሌላው ከቦታው ይሸሻል፤ በአኙዋክ ቋንቋ የጻፈችው ግጥም ሲታተም ግማሹ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣና በእስክሪብቶ ትሞላዋለች። ድምፁማ አይወራም፤ ሶፕራኖውም ባሱም የልጆች መጫወቻ ጥሩምባ ነበር። በዚህ ወር ግን አዲሱን እትም ከምትሠራበት ሱቅ ዋይፋይ፣ ኔትወርኩ እየተቆረጠ እየተቀጠለ፣ እንደምንም አወረደችው። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ መጣ። ኖታዎቹ ራሳቸው ተራርቀው ይሰለፋሉ፤ አንዱን ስትስበው ሌሎቹ ቦታ ይለቁለታል፤ ፊደሎቹ ሙሉ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመዘምራን ድምፅ አለው። ቃል አይናገርም፤ «አ» ብቻ ነው የሚለው፤ ግን የሚለው እንደ ሰው ነው። መጀመሪያ የሰማችው ቀን ሱቁ ውስጥ ሰው መኖሩን ረስታ እንባዋ መጥቶ ነበር።

በአሮጌው እትም ጀምራ በአዲሱ የጨረሰችው መዝሙር ዛሬ ከሰዓት ለሚከበረው የአብሮነት ቀን የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በአኙዋክ፣ ሁለተኛው በኑዌር ቋንቋ ነው፤ በባሮ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ሴቶች ስለ አንዲት ታንኳ ይጠያየቃሉ። እሁድ እሁድ የምትመራው የሴቶች ኳየርም እንደ መዝሙሩ የሁለቱም ሕዝቦች ነው። ከተማው ውስጥ ነገር ሲበላሽ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ እነዚህ ሴቶች ልምምድ የቀሩበት ሳምንት ብዙ ነበር፤ ግን አልተበተኑም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ከገበያ በቀር የሚገናኙት እዚያ ብቻ ነው።

የኦሞት ሚስት ሱዛን ሻይ ቀድታ ትናንት የተረፈውን ዳቦ በሳህን አቀረበች። መብራት ከሄደ ስለቆየ ማራገቢያው ቆሟል። ኦሞት ሸሚዙን መተኮስ አልቻለም፤ እጅጌው እንደተጨማደደ ለብሶት ተቀምጧል። ሱዛን ስለ ስኳር አወራች። እንደገና ጨምሯል፤ ከትናንት ወዲያ በገዛችበት ዋጋ ዛሬ የሚገኘው ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ሦስቱም ሻያቸውን እየነፉ ጠጡ።

«ማታ ያሰማሁህ ደስ እንዲልህ ነው» አለች ልድያ በመጨረሻ። «ሴቶቹን እንድታስቀርብኝ አይደለም።»

ኦሞት ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነከረ። «የሰው ስልክ ትሰሚያለሽ ማለት ነው?»

«ግድግዳው ነው የሚያሰማኝ።»

«እንግዲህ ከሰማሽ ሰምተሻል።» ከዚያ በኋላ ነገሩን ለኮሚቴ እንደሚያስረዳ ሰው ዘረዘረው። የክብር እንግዳው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ ማታ ሳይደርስ ይመለሳሉ፤ አዳራሽ ውስጥ የሚቆዩት ጥቂት ነው። አምና ሌላ ኳየር መድረክ ላይ ወጥቶ ረዥም አጭር እያለ ሲሰለፍ፣ የዚያን ጊዜው እንግዳ ሰዓታቸውን አይተው ነበር፤ የተጠየቀው እሱ ነው። ሴቶቹ ደግሞ አንዷ ከኒውላንድ ሰፈር፣ አንዷ ከኢታንግ ወረዳ ነው የምትመጣው፤ ብትዘገይስ? መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ? «መዝሙሩ ያንቺ ነው፤ ስምሽ በማይክ ይጠራል። ምን ጎደለብሽ?»

ልድያ የጎደለባትን ለመናገር ቃል ፈለገች። ሱዛን ብርጭቆዋ ውስጥ እየተመለከተች ነበር። «ለሴቶቹ ማን ይነግራቸዋል?» አለች ልድያ፤ ይሄው ብቻ ነበር የወጣላት።

«እኔ ራሴ እደውላለሁ። አንቺ መዝሙሩን አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፤ ሱቅ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። ገና በጠዋቱ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ድልድዩ አጠገብ ዓሣ የሚያወርዱ ሰዎች ይጮኻሉ፤ የማንጎ ሻጮቹ ከጥላ ወደ ጥላ እየተሸጋገሩ ነው፤ ባጃጆቹ ሁሉ ለበዓሉ ሪባን አስረዋል። ልድያ ምንም አላየችም። በልቧ ወንድሟን ትከራከረው ነበር፤ አሁን ቃሉ ሁሉ መጣላት፤ ቤት ውስጥ የጠፋው ሁሉ መንገድ ላይ ተገኘ። ሴቶቹ ቆመው ሲታዩ ነው መዝሙሩ ትርጉም የሚኖረው፤ ትለዋለች። ማን አጠገብ ማን እንደቆመ ሕዝቡ ማየት አለበት፤ ትለዋለች። እሱ ግን የለም።

የምትሠራው ገበያው ዳር ያለው የኢድሪስ የጽሕፈት መሣሪያና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ጋሽ ኢድሪስ አባታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ራሳቸውም እዚሁ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ጀነሬተሩን አስነስተው ደብተር እየደረደሩ አገኘቻቸው። መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርጉትን ሸኘችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጋሽ ኢድሪስ ሥራቸውን ሳያቋርጡ አዳመጡ።

«በጽሕፈት መኪናው ጊዜ» አሉ፣ «ሁለት ታይፒስቶች ነበሩኝ። አንዷ ነዒማ ትባላለች፤ እጇ ሲፈጥን አታይውም። ኮምፒውተሩን ያመጣሁት እነሱን ላግዝ ብዬ ነው።»

ልድያ ታሪኩ እንዲቀጥል ጠበቀች። አልቀጠለም። ጋሽ ኢድሪስ ወደ ደብተራቸው ተመለሱ።

ላፕቶፑን ከፍታ መዝሙሩን አንድ ጊዜ አስኬደችው። የመጀመሪያው ክፍል አልቆ ሁለተኛው ከመጀመሩ በፊት ድምፁ ቀጥ አለ፤ ሱቁ ውስጥ ጀነሬተሩ ብቻ ተሰማ፤ ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ጀመረ። ለኦሞት ማታ ያሰማችው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ስለነበር ይህን ባዶ ቦታ ረስታው ነበር። የማማ ኛኳች ቦታ ናት። ኛኳች ከኢታንግ የምትመጣ፣ በዕድሜ የኳየሩ ታላቅ፣ የመሪ ድምፅ ናት። ከዚህ ዳር ያሉት ሴቶች «ታንኳው ማን ጋ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ከማዶ የምትመልሰው እሷ ናት፤ «እናንተ ጋ መጥቷል፣ አታዩትም?» ትላለች። ግን ወዲያው አትመልስም። ትቆያለች። ጥያቄው ውሃውን ተሻግሮ እስኪደርስላት የምትጠብቅ ይመስላል፤ ምን ያህል እንደምትቆይ እሷም አታውቅም፤ አንዳንዴ ሰው ረሳችው ወይ እስኪል ነው። ልድያ በአሮጌው ፕሮግራም ልትጽፈው ብዙ ሞክራ ነበር። ወይ ይቀድማል ወይ ይጎተታል። ስለዚህ መስመሩን ባዶ ትታ ከላዩ «ኛኳች» ብላ ብቻ ጻፈች።

ያለ ኛኳች መዝሙሩ አይሄድም ማለት ነው! ኮምፒውተሩ ራሱ አልችልም አለ። ኦሞት የድምፅ ባለሙያውን ወንዳፈረውን ይዞ ሱቁ ደጃፍ ከባጃጅ ሲወርድ፣ ነገሩ ያለቀ ያህል ተረጋግታ ነበር የጠበቀችው። ወንዳፈረው ስፒከርና ሚክሰር እያከራየ ሠርግም ስብሰባም የሚሸፍን፣ ጨዋ ሰው ነው። አጎንብሶ አዳመጠና «እዚህ ጋ ተቆረጠች መሰለኝ» አለ።

«አልተቆረጠችም» አለች ልድያ። «የማማ ኛኳች ቦታ ናት። እሷ ከሌለች ባዶ ነው።»

«እንግዲያው ሙዪው» አለ ኦሞት።

«አይጻፍም።»

ኦሞት ወንዳፈረውንና ጋሽ ኢድሪስን ገላመጠና በአኙዋክ ቋንቋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጀመረ። ጠዋት እንደ ኮሚቴ ሲያወራ የነበረው ሰው አልነበረም። እንግዳው ፊት አንድ ነገር ቢበላሽ ከዚህ ቦታ እንደሚያነሱት፣ ለማንሳት ሰበብ የሚፈልጉ ሰዎች እንዳሉ፣ እሷንም ሱዛንንም የሚያስተዳድረው በምን እንደሆነ እንደምታውቅ ነገራት። «እኔ መጥፎ ሰው ሆኜ ነው እንዴ?» አለ። የሸሚዙ እጅጌ አሁንም እንደተጨማደደ ነው። «ልድያ፣ ዛሬን ብቻ።»

እሷን ያሳደጋት እሱ ነው። እናታቸው ስትሞት ትምህርቱን አቋርጦ አቦቦ የእርሻ ካምፕ ገብቶ ሠርቷል፤ ኪቦርድ መጫወት የተማረችውም በእሱ ገንዘብ ነው። ይህን አላነሳባትም፤ አንስቶባት ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይቀላት ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና መጻፍ ጀመረች። አሮጌው እትም እምቢ ያላት መስመር በአዲሱ ምንም አልታገላትም። ዝምታውን ወደፈለገችበት ለጠጠችው፤ ድምፁ ከታች ተነስቶ እየተንሸራተተ እንዲወጣ አደረገችው፤ መጨረሻው ላይ እንዲከስም አደረገችው። ማቆም የነበረባት ቦታ ላይ አላቆመችም። እውነቱን ለመናገር፣ መጨረሻውን መስማት ፈልጋ ነበር።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ዘመረች። ጋሽ ኢድሪስ ደብተር እንደያዙ ዞረው አዩ። ወንዳፈረው ራሱን ነቀነቀ። «ኧረ ይቺን ከየት አመጣሽልን?» አለ። ልድያን ኩራት ፊቷ ድረስ አሞቃት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ ከመስመሩ በላይ ያለው «ኛኳች» የሚለው ጽሑፍ ላይ ወደቀ። ወንዳፈረው ፍላሽ ብዙ ጊዜ እንዳሳፈረው ነግሯቸው ላፕቶፑን ራሱን ከሚክሰሩ ጋር ማገናኘትን መረጠ። ጠቅልለው ሲወጡ ጋሽ ኢድሪስ «ሂጂ፣ ሱቁን እኔ አያለሁ» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም።

አዳራሹ ውስጥ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፕላስቲክ ወንበሮች፣ የታሸገ ውሃ፣ የጨርቅ አበባ፤ ፊተኛው ረድፍ ሶፋ ነው። ልድያ ከሚክሰሩ አጠገብ ቆማ ሳለች በኋላው በር ሴቶቹ ገቡ። ሁሉም ነበሩ። የእሁዱን ነጭ ሻሽ አስረዋል። ማማ ኛኳች ከኢታንግ በጠዋቱ ሚኒባስ መጥታ ቀኑን ሙሉ እህቷ ቤት ስትጠብቅ ነው የዋለችው፤ ከሁሉም በቁመት ትበልጣለችና ሻሿ ከሩቅ ይታያል። ልድያ ዞራ ኦሞትን አየችው። እሱም አይቷቸዋል። «ኔትወርክ አልነበረም» አላት በከንፈሩ ብቻ፣ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ በሩ መለሰ።

አስተናጋጆቹ ሴቶቹን መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጧቸው። ልድያ እየተጋፋች ደረሰችና ከኛኳች አጠገብ ተቀመጠች። ኛኳች አማርኛ የተማረችው በገበያ ስለሆነ ወንዴና ሴቴ ይምታታባታል፤ ልድያ ደግሞ ኑዌርኛ የምታውቀው ለመዝሙር የሚበቃውን ያህል ብቻ ስለሆነ የሚግባቡት በአማርኛ ነው።

«ማማ ኛኳች፣ ዛሬ…» ብላ ጀመረች።

«እናውቃለን» አለች ኛኳች እጇን ይዛ። «እንግዳ ሲገባ እንነሳለን። ሲቀመጥ እንሄዳለን። አንቺ እጅ ስታነሺ እንጀምራለን። ሁሉም ያውቃል፤ አትፍሪ።»

በዚሁ ቅጽበት እንግዳው ገቡና ሕዝቡ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ለመናገር ቦታ አልተገኘም፤ ወይም ልድያ አልፈለገችውም። ንግግር ሆነ፤ ጭብጨባ ሆነ፤ ሌላ ንግግር ሆነ። ቀጥሎ የመድረክ መሪው የልድያን ስም በማይክ ጠርቶ መዝሙሩን አስተዋወቀ። ሴቶቹ ብድግ አሉ። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ አንዷ የአንዷን ትከሻ ይዛ፣ በወንበሮቹ መካከል መውጣት ሲጀምሩ ከሁለቱ ትላልቅ ስፒከሮች መዝሙራቸው ጀመረ። ቆሙ። መድረኩ ላይ ማንም የለም። እርስ በርስ ተያዩ፤ ወደ ልድያ አዩ፤ ልድያ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ከዚያ አንዷ ተቀመጠች፤ ቀጥላ ሌላዋ፤ ኛኳች መጨረሻ ላይ ተቀመጠች።

ድምፁ ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። «አ» ብሎ ጠየቀ የዚህኛው ዳር። ዝም አለ። ዝምታው ትክክል ነበር፤ ልድያ ሱቅ ውስጥ የለካችው ያህል። ከዚያ ሴትዮዋ ከታች ተነስታ መለሰች።

ኛኳች ወደ ልድያ ጆሮ ተጠጋች። «ይሄ ሴትዮ ማነው?»

ልድያ ወደ ሚክሰሩ አየች።

«ከአዲስ አበባ አመጡት? ጥሩ ድምፅ አለው።» ኛኳች አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ ፊቷ ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ እንዲያውም አዘነች። «ቃል አላስተማሩትም እንዴ? ምስኪን። እዚህ አምጥተው ቃል አላስተማሩትም?»

ኳየር ውስጥ አንዷ ቃል ሲጠፋባት አጠገቧ ያለችው ቀስ ብላ ታቀብላታለች፤ ነውር የለውም። ኛኳችም እንደዚያው አደረገች። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ቃሉን ማቀበል ጀመረች፤ እናንተ ጋ መጥቷል፣ አታዩትም። ሴቶቹ ተከተሏት። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ግን የእነዚህ ሴቶች ሹክሹክታ አዳራሽ ይሞላል። ሰው ዞር ዞር አለ። ችግሩ ኮምፒውተሩ አለመጠበቁ ነው። ኛኳች ገና ውሃውን እያቋረጠች ሳለ እሱ ማዶ ደርሶ ሁለተኛውን ክፍል ጀመረ፤ ሁለቱ ድምፆች ተጋጩ፤ አንዲት ሕፃን ሳቀች። ኦሞት ከሶፋዎቹ ጀርባ ሆኖ በእጁ ዝም በሉ ይላል።

ልድያ ተነሳች። ወንበር እየገፋች፣ የሰው እግር እየረገጠች ሚክሰሩ ጋ ደረሰች። ወንዳፈረው «ምን ሆነሻል?» ከማለቱ በፊት ላፕቶፑ ላይ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ስፒከሮቹ ዝም አሉ። እጇን አነሳች፤ ሁልጊዜ እሁድ እሁድ እንደምታነሳው፤ ቀጥሉ ለማለት።

ሴቶቹም ዝም አሉ።

እያገዟት የነበረችው ሴትዮ ካቆመች እነሱ በምን ምክንያት ይቀጥላሉ? ኛኳች አፏን በእጇ ሸፍና ቀረች። አዳራሹ በሙሉ ልድያን ያያል፤ እጇ አየር ላይ ነው። እንደገና አወዛወዘችው፤ በዓይኗ ለመነቻቸው። ከዚያ እንግዳው ከፊት አጨበጨቡ፤ ሕዝቡም ተከትሎ አጨበጨበ፤ የመድረክ መሪው «እናመሰግናለን፣ በጣም ውብ ነበር» ብሎ የሚቀጥለውን ተናጋሪ ጠራ። ልድያ እጇን አወረደች። የኑዌሩ ክፍል እንደተጀመረ ቀረ። ማንም አልጠየቀም።

ሲያልቅ ኦሞት በር ላይ አገኛት። ላብ አጥምቆታል፤ ግን ፊቱ ፈካ ብሏል። «ልታስገድይኝ ነበር» አላት። «ደግነቱ እንግዳው አጭር መሆኑን ወደዱት። ‹እንዲህ ነው ፕሮግራም› አሉ። ፋይሉን ይፈልጉታል፤ ለሌላም ክልል ይሆናል ብለዋል። ማታ ትልኪልኛለሽ።»

ልድያ አየችው። ጠዋት መንገድ ላይ የመጣላት ቃል ሁሉ እንደገና ጠፍቷል። ላፕቶፑን ብብቷ ሥር ይዛ አልፋው ወጣች።

ሴቶቹ ከግቢው ውጭ ዛፍ ሥር ሰብሰብ ብለው የኢታንግ ሚኒባስ እስኪሞላ ከኛኳች ጋር ቆመዋል። የሰዓት እላፊ ነገር ስላለ ረዳቱ ይቸኩላል። ኛኳች ልድያን ስታይ ወደ እሷ መጣች።

«ሴትዮው ተቆጣ?» አለች። «እኔ አበላሸሁበት?»

«ሴትዮ የለችም፣ ማማ።»

«ሄደ?»

«መጀመሪያም አልነበረችም። ይሄ ነው የዘመረው።» ልድያ ላፕቶፑን አሳየቻት። ኛኳች አማርኛውን ስላልጨበጠችው ከሴቶቹ አንዷ በኑዌርኛ ደገመችላት። ኛኳች ላፕቶፑን በጣቷ ነካ አደረገችው። ከፀሐዩ የተነሳ ግሏል።

«መልሱን ማን አስተማረው?»

«እኔ።»

ከሴቶቹ አንዷ ሻሿን ፈታ አንገቷን ጠረገች። ልድያ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ እንግዳው ልትነግራቸው አሰበች፤ ሁሉም እውነት ነበር፤ አንዱንም አላነሳችም። ረዳቱ «ኢታንግ! አንድ ሰው፣ ኢታንግ!» ይላል። ኛኳች ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ልድያ እንድትቆጣት ፈልጋ ነበር፤ እንድትሰድባት።

«እኔን ብትጠይቂኝ» አለች ኛኳች፣ «እኔ አስተምረው ነበር። ከነቃሉ።»

ጎንበስ ብላ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች፤ በሩ ተዘጋ።